የወተት ጥርስ «ይወልቃል» ተብሎ አይተውም

  በሬዲዮ የሰማችሁትን ንግግር አሁን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ተመልሳችሁ ድገሙት። ማንበብ ያልቻለ ጎረቤት ካላችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሕፃናት ጥርስ ነው። በተለይም ክፉኛ ስለ ተበላ የወተት ጥርስ እንነጋገራለን።

እስቲ አንድ ቤት እንግባ። ሌሊት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጉንጩን ይዞ ያለቅሳል። እናቱ መብራት አብርታ አፉን ታያለች። አያቱም ከእንቅልፋቸው ነቅተዋል።

«እማማ፣ ልጁ ዛሬም አልተኛም። መንጋጋው ተቦርቡሯል» ትላለች እናት።

«አይዞሽ ልጄ፤ የወተት ጥርስ አይደል? ይወልቃል። ሌላ ይበቅልለታል» ይላሉ አያት።

«መቼ ነው የሚወልቀው እማማ?»

አያት ዝም አሉ።

አያያችሁም፣ ጥያቄው ይህ ነው። መቼ ነው የሚወልቀው? የፊት ጥርስ ከሆነ በስድስትና በሰባት ዓመት ገደማ ይወልቃል። የኋላው መንጋጋ ግን እንዲህ አይደለም። የወተት መንጋጋ የሚወልቀው ልጁ ከ9 እስከ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ አሁን አራት ዓመቱ ነው። «ይወልቃል» ብለን ብንተወው አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ስምንት ዓመት በተበላ ጥርስ ሊኖር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት እያለቀሰ፣ በአንድ ጎኑ እያኘከ ይኖራል ወይ? አይኖርም። መኖርም የለበትም።

የወተት ጥርስ ሥራው ምንድን ነው?

የሕፃን ጥርስ ብቅ ማለት የሚጀምረው በስድስት ወር ገደማ ነው። ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሁሉም ይበቅላሉ። ብዛታቸው 20 ነው። 10 ከላይ፣ 10 ከታች ናቸው።

የወተት ጥርስ ሦስት ሥራ አለው።

አንደኛ፣ ልጁ ያኝክበታል። ጥርሱ የሚያመው ልጅ አይበላም። ያልበላ ልጅ ይከሳል፣ እድገቱም ይጓተታል። ሌሊት ያልተኛ ልጅ ቀን ትምህርት አይገባውም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ይናገርበታል። ቃላትን አጥርቶ ለመናገር ጥርስ ያስፈልጋል። ይስቅበታልም። የፊት ጥርሱ የጠቆረና የተሸረፈ ልጅ ከጓደኞቹ ፊት አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ሦስተኛ፣ የወተት ጥርስ ቦታ ይጠብቃል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከእያንዳንዱ የወተት ጥርስ ሥር፣ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ፣ ቋሚው ጥርስ እያደገ ነው። የወተቱ ጥርስ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ጊዜው ሲደርስ ይለቅለታል። የወተት መንጋጋ ያለ ጊዜው ከተነቀለ ግን ጎረቤት ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ይገፋል። ቋሚው ጥርስ ሊወጣ ሲል ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ተጣሞ ይበቅላል፤ ወይም መውጫ አጥቶ አጥንት ውስጥ ይቀራል። የድንበር ምልክት የተነቀለበትን መሬት አስቡ። ጎረቤት ሳያውቀው ገፍቶ ያርሰዋል።

በወተቱ ጥርስ ሥር መግል ሲቋጥርም ከስር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ለወተቱ ጥርስ መጠንቀቅ ለቋሚውም መጠንቀቅ ነው።

ጥርስን የሚበላው ምንድን ነው?

ጥርስን ትል ይበላዋል የሚሉ ብዙ ናቸው። ትል አይደለም። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። እነዚህ ጀርሞች ስኳር ይወዳሉ። ልጁ ጣፋጭ ሲበላ ወይም ሲጠጣ እነሱም ይመገባሉ። ከዚያም አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። የወተት ጥርስ ሽፋኑ ስስ ነው። ስለዚህ ከትልቅ ሰው ጥርስ ይልቅ ቶሎ ይቦረቦራል።

ምራቅ ጥርስን ይጠብቃል። አሲዱን ያጥበዋል፤ የላላውንም ሽፋን መልሶ ያጠነክራል። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ልጁ አንድ ጊዜ ጣፋጭ ከቀመሰ በኋላ አሲዱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል። ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ትንሽ ቆይቶ ከረሜላ፣ ቀጥሎ ብስኩት፣ ማታ ለስላሳ ከሆነ ምራቅ መቼ ሥራውን ይሥራ? እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጉዳቱ በስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም። በቀን ስንት ጊዜ አፉ ጣፋጭ ነካ የሚለው የበለጠ ይጎዳል።

ከሁሉ የሚብሰው የሌሊቱ ነው። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል። ጣፋጭ ወተት ወይም የስኳር ሻይ ያለበት ጡጦ አፉ ውስጥ ሆኖ የተኛ ልጅ፣ ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ በስኳር ተነክሮ ያድራል። የላይኛው ፊት ጥርሱ ቀድሞ የሚጠቁረው በዚህ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ስንል ጡት መጥባት ይቁም ማለታችን አይደለም። ጡት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ መልካም ነው። ጥርስ ሲያወጣ ግን ከመኝታ በፊት ጥርሱን አጽዱለት።

ምልክቱን ቀድማችሁ እወቁ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለም? ጥርስም እንዲሁ ነው። በወር አንድ ቀን ልጁን ብርሃን ወዳለበት አውጡት። ጭንቅላቱን ጭናችሁ ላይ አስተኙት። የላይኛውን ከንፈሩን በጣታችሁ ከፍ አድርጉ። ከፊት ጀምራችሁ እስከ መንጋጋው ድረስ ተመልከቱ።

በድዱ አጠገብ ጥርሱ ላይ ነጭ፣ ኖራ የሚመስል መስመር ካያችሁ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ገና ቀዳዳ የለም። በዚህ ጊዜ ሊቆም ይችላል።

ቡናማ ወይም ጥቁር ቀዳዳ ካያችሁ ሽፋኑ ተበስቷል።

ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው የሚያመው ከሆነ ቀዳዳው እየጠለቀ ነው። ምንም ሳይነካው ሌሊት የሚቀሰቅሰው ከሆነ ደግሞ ነርቩ ታሟል።

ድዱ ላይ እንደ ብጉር ያለ መግል የቋጠረ እብጠት ካያችሁ ሕመሙ እስከ ሥሩ ዘልቋል። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ ልጁ ሕመሙ ሊተወው ይችላል። «ተሻለው» ብላችሁ እንዳትታለሉ። ነርቩ ሞቶ ነው እንጂ አልዳነም።

አንድ ነገር እንጨምር። በስምጥ ሸለቆ ባሉ አንዳንድ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር በዝቶበት የብዙ ሰው ጥርስ በልዟል። የበለዘ ጥርስ ሁሉ የበሰበሰ ጥርስ አይደለም። ሁለቱን የሚለየው ባለሙያ ነው።

የተበላ ጥርስ እንዴት ይድናል?

ብዙ ሰው የጥርስ ሐኪም ሥራው መንቀል ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። መንቀል የመጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ብዙ መንገድ አለ።

ነጩ መስመር ብቻ ከታየ፣ ፍሎራይድ ያለበት ቅባት ጥርሱ ላይ ይቀባል። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል። በቤት ውስጥም ጥርሱን በፍሎራይድ ሳሙና መቦረሽ ይቀጥላል።

ቀዳዳ ካለ፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ አለ። ቀዳዳው ላይ ይቀባል። ጀርሙን ይገድላል፣ የላላውንም ያጠነክራል። መርፌ የለበትም፤ መሰርሰሪያም የለበትም። ልጁ አይፈራውም። አንድ ነገር ግን አለው። የተበላውን ቦታ ጥቁር ያደርገዋል፤ ጥቁረቱም አይለቅም። ያ ጥቁረት መበስበሱ መቆሙን ያሳያል። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ አትደነግጡም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን መድኃኒት ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሌላው መንገድ መሙላት ነው። ባለሙያው የላላውንና የበሰበሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ያወጣል። ከዚያ ቀዳዳውን በጥርስ ሲሚንቶ ይሞላዋል። ሲሚንቶው ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል፤ ፍሎራይድም ይለቃል። ይህ በእጅ መሣሪያ የሚሠራ ሕክምና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በአፍሪካ፣ በታንዛንያ ተጀመረ። የተጀመረውም መብራትና ትልቅ መሣሪያ በሌለበት ሥፍራ እንዲያገለግል ተብሎ ነው።

መንጋጋው ክፉኛ ከተቦረቦረ ግን ሙሌቱ ብቻውን አይቆይም፤ ይወድቃል። ያን ጊዜ የብረት ቆብ ይደረግለታል። ቆቡ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ኖርና ሆል የምትባል የስኮትላንድ የጥርስ ሐኪም ጥርሱን ሳትሰረስር፣ ያለ ማደንዘዣ መርፌ፣ ቆቡን ከላይ መትከል ጀመረች። ዛሬ ይህ መንገድ በስሟ ይጠራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርሞቹ ከቆቡ ሥር ይታሸጋሉ። ስኳር ስለማይደርሳቸው ይራባሉ፤ መበስበሱም ይቆማል። ልጁ በቆቡ ያኝካል። ጥርሱ ጊዜው ደርሶ ሲወልቅ ቆቡም አብሮት ይወልቃል። ይህ የሚሆነው ግን ነርቩ ገና ሳይሞት ነው።

መበስበሱ ነርቩ ጋ ደርሶ ሥሩ ገና ደህና ከሆነ፣ ሐኪሙ በማደንዘዣ አደንዝዞ የታመመውን የነርቩን የላይኛ ክፍል ብቻ ያወጣል። መድኃኒት አድርጎ ይደፍነዋል። ከላይ ቆብ ያደርግለታል። አያችሁ? እዚህ የደረሰ ጥርስ እንኳ ብዙ ጊዜ ይድናል።

መግል ከቋጠረ፣ ወይም ከጥርሱ የቀረው ሥሩ ብቻ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ይነቀላል። ይህም ለልጁ ሲባል ነው። መግሉ አፉ ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። ከተነቀለ በኋላ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ቦታውን የሚጠብቅ ሽቦ ያስፈልገዋል ወይ?» በሉ።

እውነቱን እንናገር። ይህ ሁሉ ሕክምና በየቦታው አይገኝም። የጥርስ ሐኪም ከብዙ ሰው ሩቅ ነው፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ ነው ቶሎ ሂዱ የምንለው። ነጩ መስመር ሲታይ የሄደ በጥቂት ወጪ ይመለሳል። ነርቩ ሲሞት የሄደ ብዙ ያወጣል፤ ጥርሱንም ላያተርፍ ይችላል። በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከዚያ ወዴት እንደምትላኩ ጠይቁ።

ይህን አታድርጉ

በታመመ ጥርስ ላይ አረቄ፣ ቤንዚን፣ የባትሪ ውሃ ወይም ትምባሆ አታድርጉ። አስፕሪን ድዱ ላይ አታስቀምጡ፤ ያቃጥለዋል። ለልጅ አስፕሪን ማዋጥም አይገባም።

ከመድኃኒት ቤት የፀረ-ጀርም ክኒን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡት። ክኒኑ እብጠቱን ለጥቂት ቀን ቢያበርድም ቀዳዳው እዚያው ነው። ሕመሙ ይመለሳል።

ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ድረስ በጥርሱ መሐል የተሰካ ምግብ ካለ አውጡለት። ለብ ባለ ውሃ አፉን ያጉመጥምጥ። የሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል የጤና ባለሙያ ለልጁ ክብደት በነገራችሁ ልክ ስጡት።

ፊቱ ካበጠ፣ ዓይኑ በእብጠቱ ከተጋረደ፣ ከአገጩ ሥር ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የጥርስ መግል ተሰራጭቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በአገራችን «ግግ ማስወጣት» የሚባል ጎጂ ልማድም አለ። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱን ቀደው ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ያወጡታል። ተቅማጡ ከጥርሱ አይደለም። ሕፃኑ ደም ይፈስሰዋል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ቋሚ ጥርሱም ይጎዳል። ባልጸዳ መሣሪያ ከባድ በሽታ ይገባበታል። ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ንጥረ ነገር ይጠጣ። ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ድዱን አታስነኩ።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል ማጽዳት ጀምሩ። በለስላሳ የልጅ ብሩሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ አጽዱ። የማታው አይቅር። ከተቦረሸ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይቅመስ። ብሩሽ ካልተገኘ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። መፋቂያ ለትልቅ ሰው ጥሩ ነው፤ የሕፃንን ድድ ግን ሊወጋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ተጠቀሙ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ይሁን። ይትፋው እንጂ አይዋጠው። ውሃችሁ ፍሎራይድ የሚበዛበት አካባቢ ከሆነ የጤና ባለሙያ አማክሩ።

ሦስተኛ፣ ሰባት ዓመት እስኪሆነው ድረስ እናንተ ቦርሹለት። ትንሽ ልጅ ብሩሹን ይጫወትበታል እንጂ መንጋጋው ጋ አይደርስም።

አራተኛ፣ ጣፋጭ ነገር ከምግብ ሰዓት ጋር ይሁን። በየመሐሉ ከጠማው ውሃ ይጠጣ። እንግዳ ሲመጣ ከረሜላ ከሚያመጣ ሙዝ ወይም ብርቱካን ቢያመጣ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው ከኋላ አዲስ መንጋጋ ያበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። አይደለም። እሱ ቋሚ ነው። ከተበላ ሌላ አይበቅልም። ለማወቅ ከፊት መሐል ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ። አምስቱ የወተት ጥርሶች ናቸው፤ ወይም የእነሱ ተተኪዎች። ስድስተኛው ግን ለዕድሜ ልክ የተሰጠው ነው።

ወደዚያ ቤት እንመለስ

ነጋ። እናት ልጇን አዝላ ልትሄድ ነው። አያትም ነጠላቸውን ለበሱ።

«እኔም እመጣለሁ ልጄ። የእኔን ጥርስ ማንም አላየልኝ። የእሱ ይታይለት» አሉ።

እናት ወረቀት አወጣች። በቅርቡ በተማረችው ፊደል ሦስት ጥያቄ ጻፈች። እናንተም ጻፉት፤ ሐኪም ፊት ስትቆሙ እንዳትረሱት።

1. ይህ ጥርስ ሳይነቀል ይድናል ወይ?
2. ከተነቀለ ቦታውን ምን ይጠብቅለታል?
3. መቼ ተመልሰን እንምጣ?

የወተት ጥርስ ጊዜው ሲደርስ ይወልቃል። ልጁም እየሳቀ ጣራ ላይ ይወረውረዋል። የእኛ ሥራ ያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ጥርሱን ጤነኛ አድርጎ ማቆየት ነው።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ልጃችሁን ጥሩት። ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ዛሬውኑ እዩለት። 

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የወተት ጥርስ ብዛቱ ስንት ነው?
2. የወተት መንጋጋ በስንት ዓመት ይወልቃል?
3. ሌሊት ጡጦ ይዞ መተኛት ለምን ይጎዳል?
4. እስኪነጋ መጠበቅ የማይገባው ምን ምልክት ሲታይ ነው?
5. በአካባቢያችሁ የተበላ የልጅ ጥርስ ምን ይደረጋል? ምን ቢሻሻል ይበጃል?